ወደ አባቷ ዓምድ

ኢቲሳም ሙዓዝ ሰው የምትፈልገው ከግራ ወደ ቀኝ ነው።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ከስልክ ጠጋኙ ከሀሚዱ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት የኮፒና የጽሕፈት ቤት አለቻት። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ወረቀት ሁሉ ክንፍ ያወጣል። ስለዚህ በየጠረጴዛው ላይ ከውሃው ዳር የለቀመቻቸው ድቡልቡል ድንጋዮች ተቀምጠዋል። አንድ ገበሬ ገብቶ «ባለፈው ያነሣሽልኝ የመሬት ደብተር» ያላት እንደሆነ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «አገርዎ የት ነው?» ትለዋለች።

«ጎልቦ።»

ጎልቦን ትነካለች። በስተቀኙ አዲስ ዓምድ ይከፈታል፤ የጎልቦ መንደሮች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው ይቆማሉ። «ከጎልቦስ ወዴት?» ይነግራታል፤ ሌላ ዓምድ። «የማን ልጅ?» ሌላ ዓምድ። አገሩን፣ መንደሩን፣ አባቱን እያለፈች የሰውየው ስም ላይ ስትደርስ፣ በመጨረሻው ዓምድ ወረቀቱ ራሱ ከነማኅተሙ ብቅ ይላል።

«ይቺ ኮምፒውተርሽ'ኮ የአባት ስም ካልነገሯት ሰላምታም አትመልስ» ይላል ሀሚዱ፣ በመሐል ግድግዳው ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ።

«ምን ታድርግ? የወሎ ልጅ ናት።»

«በሪያድ ዞራ የመጣች የወሎ ልጅ!»

«ዞራ ብትመጣም ሰው አትረሳም። አንተ ግን የትናንት ደንበኛህን ስልክ ለማን እንደሰጠኸው ረስተህ ስትጮህ ነበር።»

«እሱን ተይው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ብሎ አንገቱን ይመልሳል።

ሌሎች ጽሕፈት ቤቶች ፋይል የሚያስቀምጡት በቀን ነው፤ ወይም እንደመጣላቸው ይከምሩታል። አንዱን ፎልደር ከፍተው ሲገቡ የመጡበት ከዓይን ይሰወራል፤ ወደ ጓዳ ገብቶ በሩ ከኋላው እንደተዘጋበት ሰው ናቸው። ኢቲሳም ግን በዓምድ ከመክፈት በቀር ሌላውን አትወድም። በዓምድ ሲኬድ የመጡበት አይጠፋም። ልጁ ላይ ቆመው አባቱን ያዩታል፤ አባቱ አጠገብ መንደሩ አለ፤ ከመንደሩ በስተግራ አገሩ። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ዓምዶቹን ዝም ብላ ትከፍታለች፤ እየከፈተች በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉራለች፤

አምባሰል ተራራ ደመና ለበሰ፣
የሄደው ሰው ሁሉ የት አገር ደረሰ።

የሄደውን ሰው ነገር ከማንም ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሪያድ ኖራለች። ስትሄድ ደላላው በፓስፖርቷ ላይ ኸዲጃ አሕመዲን የሚል ስም አስወጣላት፤ ዕድሜዋንም በስድስት ዓመት ከፍ አደረገው። እሱ ለሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ልጆቹ ያልደረሱ ስለሆኑ በራሳቸው ስም መሄድ አይችሉም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ኸዲጃ!» ሲሏት «አቤት» አለች። አባቷ ሙዓዝ ሲሞት ለቅሶ የደረሳት ሰው አልነበረም፤ በዚያ አገር ወረቀት አባቷ አሕመዲን ነውና ሙዓዝ የሚባል ሰው ቢሞት ምን አገባት? ማጀት ገብታ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ በሽንኩርቱ አሳብባ አለቀሰችለት።

ኮምፒውተሩን የሰጠቻት በሠራተኝነት የኖረችበት ቤት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ደግ ቢጤ ልጅ ነበረች። ፎቶዎቿን በዓምድ መደርደር ያስተማረቻትም እሷ ናት፤ አዲስ ሲገዛላት አሮጌውን «ያንቺ ነው» አለቻት። ኢቲሳም በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ አመጣችው። ሐይቅ በገባች በመጀመሪያው ወር ሰዎች «ኢቲሳም» ብለው ሲጠሯት ዞር አትልም ነበር። ገበያ መሐል እናቷ ሦስት ጊዜ ብትጠራትም ኢቲሳም አልፋት ሄደች። እናቷ ያን ዕለት እቤት ገብታ ራቷንም አልበላች።

እንግዲህ ሱቁን ስትከፍት ለራሷ አንድ ነገር ማለች። ከዚህ አገር ወደ ውጭ የምትወጣ ልጅ ሁሉ፣ እውነተኛው ስሟና ፊቷ በኢቲሳም ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከአባቷ ዓምድ በስተቀኝ ይቀመጣል። እናቶቹን «ለደላላው ዋናውን ከመስጠትሽ በፊት የወረቀቱ ጥላ እኔ ጋ ይቅር» ትላቸው ነበር። ደላላ ዋናውን ወረቀት ወስዶ የመለሰበት ጊዜ የለማ። እነሱም ያመጣሉ፤ የክትባት ካርድ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ ከነፎቶው፣ አንዳንዷም ልጇ በዒድ ቀን የተነሣችውን ፎቶ። ስካን ታደርገዋለች፤ በልጅቷ ስም ፎልደር ትከፍታለች፤ ከአባቷ ሥር ታገባታለች። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደላላው ፓስፖርቶቹን ኮፒ ሊያስደርግ ሲመጣ፣ እነዚያው ፊቶች በሌላ ስም ይመለሱላታል። እነሱን ከዳር፣ «ውጭ» ብላ በሰየመችው ዓምድ ውስጥ በፓስፖርት ስማቸው ታስቀምጣቸዋለች። በሐሰተኛ ስም የተሞላ ዓምድ ነው። የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች ግን አንድ በአንድ ታውቃለች።

አምና በረመዳን፣ ሥራ በቀዘቀዘበት ቀትር ላይ፣ ያን «ውጭ» የሚል ዓምድ ከፍታ አየች። ሠላሳ ስምንት ልጆች ናቸው፤ አገር የላቸውም፣ መንደር የላቸውም፣ አባታቸውን አያውቁትም። በሪያድ ማጀት የላጠችው ሽንኩርት እንደገና ዓይኗ ውስጥ የገባ መሰላት። «ለምን ሜዳ ላይ ይቀራሉ?» አለች። የመጀመሪያዋን ልጅ ፎልደር እውነተኛ ስሟን ጻፈችበት። ከዚያ በማውዙ ይዛ፣ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው አሻግራ፣ ከአባቷ ሥር ለቀቀቻት።

ኮምፒውተሩ ጠየቃት። በዚህ ስም እዚህ ቦታ ሌላ ፎልደር አለ፤ በእሱ ምትክ ይህን ላስቀምጥ ወይ? ነው የሚለው። የእንግሊዝኛው ቃል ጠፍቷት አይደለም፤ ታውቀዋለች። ግን በእሷ አገር እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ያለው ሰው ይነሣል እንጂ አይወጣም። ጠጋ ይላል። አልጋው ላይ አራት ሰው ካለ አምስተኛው ሲመጣ «ጠጋ በሉ» ይባላል፤ አምስቱም ይቀመጣሉ። ያችው ልጅ ወደ ራሷ ቤት ስትመጣ ማን ይወጣል? አዎ አለች። ሠላሳ ስምንቱንም በሦስት ቀን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በየአንዳንዷ ላይ «ቢስሚላህ፣ ግቢ ወደ አባትሽ» ትል ነበር። ማንንም ከፍታ አላየችም። ወደ ቤቱ የገባን ሰው አለ ወይ ብሎ ማን ይቆጥራል? ያን ሰሞን እንደዚያ ደስ ብሏት አታውቅም።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እትዬ ዑምኩልሱም ከውጫሌ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ከአምባሰል ተራራ ሥር፣ ጥድ አምባ ከምትባል መንደር ነው ቤቷ፤ የሳጂዳ እናት ናት። ሳጂዳ ከአምስት ዓመት በፊት፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ሉብና ባድሩ ተብላ ጅዳ የሄደች ልጅ ናት። አባቷ ኑርዬ እሷ በሄደች በሁለተኛው ዓመት ሞቷል።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም! እትዬ ዑምኩልሱም፣ በዚህ ጠዋት? እንዴት አደሩ? ይቀመጡ እንጂ።»

እትዬ ዑምኩልሱም አልተቀመጠችም። «ሳጂዳን አውጪልኝ» አለች።

«ምነው? ደህና?»

«ሞታለች አሉኝ።» ይህን ያለችው ወንበሩን እያየች ነው። «የሞተችው ሌላ ናት ብዬ ነበር። ሉብና የምትባል ሞተች ነው ያሉት። እኔ ሉብና የምትባል ልጅ መቼ ወለድሁ? ብዬ ዘጋሁባቸው። በኋላ ሰዑድ ሄዶ አያት።»

ሰዑድ የኑርዬ የወንድም ልጅ ነው፤ ጅዳ በሹፌርነት ይሠራል። በእትዬ ዑምኩልሱም ስልክ የላከው ድምፅ ነበር፤ ኢቲሳም ከፈተችው።

«ኢቲሳም፣ ሰላም ነሽ ወይ? ሰዑድ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አስከሬኗ ሆስፒታል ነው፤ ወር ሞላው። ራሷ ናት፤ በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻታለሁ። እኔ ባይ ግን ማን ይሰማኛል? በእነሱ ወረቀት የባድሩ ልጅ ናት። የኑርዬ ልጅ ናት ካላችሁ ፊቷ ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት የድሮ ወረቀቷን አምጡ አሉን። እስከ ሐሙስ። ከሐሙስ ካለፈ እዚሁ ይቀብሯታል፤ በዚያው ስም። የሚኒስትሪ ካርዷ አንቺ ጋ አለ ብላኛለች እናቷ፤ እሱን ላኪልኝ። እሱ ይበቃል። በአላህ ይሁንብሽ፣ ቶሎ።»

እትዬ ዑምኩልሱም ስልኩን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ባድሩ ማን ነው?» አለች።

«ማንም አይደለም እትዬ። ደላላው ያመጣው ስም ነው።»

«ማንም ያልሆነ ሰው ልጄን ሊቀብራት ነው?»

ኢቲሳም ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «አብሽሩ። ወረቀቱ አለ፤ እኔው ነኝ ያነሣሁት። አሁን እንልከዋለን።» ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እጇ መንገዱን ያውቀዋል። ውጫሌን ነካች፤ ዓምድ ተከፈተ። ጥድ አምባ፤ ሌላ ዓምድ። ኑርዬ፤ ሌላ። ሳጂዳ። እትዬ ዑምኩልሱም ማንበብ ባትችልም በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ በየዓምዱ ላይ የአገሯን መንገድ የምትሄድ ያህል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

በመጨረሻው ዓምድ አንድ ፋይል ብቻ ነበር። ፓስፖርቱ። ፊቷ አለ፣ በጥቁር ሻሽ የተጠቀለለ፣ የፈራ ፊት። ከጎኑ «ሉብና ባድሩ» ይላል።

ኢቲሳም ወደ ኋላ ተመልሳ ኑርዬን እንደገና ነካችው። ሳጂዳን ነካች። አንድ ፋይል። «ውጭ» የሚለውን ዓምድ ከፈተች፤ ባዶ ነው፣ አምና ራሷ ያጸዳችው። የተጣሉ ነገሮች የሚጠራቀሙበትን ቅርጫት ከፈተች፤ እዚያም የለም። በሌላ ምትክ የተተካ ነገር ቅርጫት እንኳ አይገባም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል። ይህን ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቀው ሊገባት አልቻለም። ብቻ በዚያች ቅጽበት፣ ረመዳን ላይ የመለሰችው «አዎ» ከጆሮዋ ውስጥ አሁን እንደተናገረችው ሆኖ ተሰማት። ያን ጊዜ ሳጂዳ ከነክትባት ካርዷ፣ ከነሚኒስትሪዋ፣ ሐይቁ ዳር ከእናቷ ጋር ከተነሣችው ፎቶ ጋር አባቷ ቤት ተቀምጣ ነበር። ኢቲሳም በእጇ ሉብናን ስታስገባ ሳጂዳ ወጣች።

«አገኘሽው?» አለች እትዬ ዑምኩልሱም። «ፊቷ ያው። አየሁት'ኮ።»

«ይሄኛው... ሌላው ወረቀት ነው እትዬ። ያኛውን ማሽኑ ትንሽ መፈለግ አለበት። እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ እደውልልዎታለሁ።»

«ነገ ልምጣ?»

«እደውላለሁ አልሁ'ኮ።»

«እሺ ልጄ። አንቺ ካለሽበት እኔ ምን አስጨነቀኝ?» ደፉ ላይ ቆም ብላ ዞረች። «ኑርዬ ሲሞት፣ ልጄ ስትመጣ መቃብሬን አሳዩዋት ብሎኛል። አጠገቡ ቦታ አለ። ለሰዎቹ እሱንም ንገሪያቸው፤ ቦታ አላት በያቸው።»

ሚኒባሱ ወስዷት ከሄደ በኋላ ኢቲሳም ሀሚዱን ጠራችው። ነገረችው። ሀሚዱ መቀለድ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ተክቶት ነው» አለ። «የጠፋ የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ። ግን ከአምና ወዲህ በላዩ ላይ ስንት ጽፈሽበታል?»

«የዓመት ሥራ።»

«ኢንሻአላህ አንድ ነገር አይጠፋም።» ድምፁ ግን ኢንሻአላህ የሚል ድምፅ አልነበረም።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ አጉረመረመ። ኢቲሳም ሱቋን ዘግታ የነፋሱን ድንጋዮች ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ስታዛውር ዋለች። ትምህርት ቤቱ ጋ ደወለች። መዝገቡ በጦርነቱ ጊዜ እንደተበተነ ነገሯት፤ እሷ ደግሞ ይህን ሳይነግሯትም ታውቃለች፤ ያኔ ወረቀት የጠፋበት ሁሉ ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። እናቶቹ ኮምፒውተሩ በበርበሬ ጆንያ ተጠቅልሎ ጎድጓድ ውስጥ መቀበሩን ሲሰሙ እልል ብለው ነበር። ለደላላው ደወለች፤ ስልኩ ከሠራ ቆይቷል። ለሌላ ሰው ደወለች፤ ለሌላም። በየመሐሉ አንደበቷ ሳታዝዘው ያንጎራጉራል፤

ደጅ ለደጅ እየዞርሁ ስምሽን ስጣራ፣
አቤት አለኝ እንጂ ባዶው ተራራ።

ረቡዕ ከሰዓት ሀሚዱ በግድግዳው ቀዳዳ ሳይሆን በበሩ መጣ። ያን ስታይ ገባት።

«ከብዙ ሺህ ቁርጥራጭ መሐል አንድ ነገር ወጥቷል» አለ። «የማን እንደሆነ እይው።»

ፎቶ ነው። ግማሹ ብቻ ነው የተረፈው፤ የላይኛው። ሐይቁ አለ፤ ወዲያ ማዶ ኮረብታው፣ ትንሽ ደመና። ከዚያ በታች፣ ሰዎች የሚቆሙበት ቦታ ላይ፣ ሥዕሉ ተቆርጦ አመድማ ሆኖ እስከ ታች ይወርዳል። ከአመዱ ጫፍ ላይ የአንዲት ሴት ግንባር፣ የነጠላ ጥለት፣ ከጎኗ ደግሞ ጣት። የማን ጣት እንደሆነ አይታወቅም።

«ካርዱስ?»

«ካርዱ የለም ኢቲሳምዬ።»

«እንደገና ሞክረው።»

«ሦስቴ ሞክሬዋለሁ።»

«አንተ የማትረባ! ስልክ ከመጠገን በቀር ምን ታውቃለህ? ደሴ ወስጄ አዋቂ ጋ—»

«ውሰጂው» አለ ሀሚዱ በለሆሳስ። «ልወስድልሽም እችላለሁ። ግን ወላሂ፣ በላዩ ላይ ተጽፏል። እዚያ ቦታ ላይ አሁን የሌላ ሰው ወረቀት ነው ያለው።» ይሰድበኛል ብላ የጠበቀችው ሰው ስላልሰደባት እንባዋ መጣ።

ያንኑ ዕለት ለሰዑድ ያላትን ሁሉ ላከችለት፤ ፓስፖርቱን፣ የእትዬ ዑምኩልሱምን መታወቂያ፣ የኑርዬን የመሬት ደብተር፣ በራሷ እጅ የጻፈችውን የምስክርነት ደብዳቤ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ድምፁ መጣ። አጭር ነበር።

«አይሆንም አሉ። እንዲያውም ፓስፖርቱን አይተው፣ እናንተው ራሳችሁ የባድሩ ልጅ መሆኗን አረጋገጣችሁ አሉኝ። አላህ ይዘንላት።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጅዳ ተቀበረች። ሉብና ባድሩ ተብላ።

በዚያው ዓርብ፣ ሰው ከመስጊድ ሲበተን፣ ኢቲሳም ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ዓምዶቹን አንድ በአንድ ከፈተች። አሁን የምታስሰው ሳጂዳን አልነበረም። ሱሉላ፣ መንደር፣ አባት፣ ልጅ፤ አንድ ፋይል። ጎልቦ፣ መንደር፣ አባት፣ ልጅ፤ አንድ ፋይል። ፓስፖርት፣ ሐሰተኛ ስም፣ የፈራ ፊት። ቀድሞ ከአባቷ ሥር ፎልደር ያልነበራት ልጅ ብቻ ናት ከጥፋቱ የተረፈች። ሠላሳ ስምንቱን ጨርሳ ስትቆጥር ሃያ ስድስቱ ጠፍተዋል። ሃያ ስድስቱ እናቶች ዋናውን ለደላላ ሰጥተው ጥላውን እሷ ጋ የተዉ ናቸው። ከሳጂዳ በቀር ልጆቹ አሁን በሕይወት አሉ፤ በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት ማጀት ውስጥ «አቤት» እያሉ ነው። ጀሊሉ ይጠብቃቸው እንጂ፣ አንዷ ብትታመም፣ አንዷ ብትታሰር፣ አንዷ ብትወድቅ፣ የማን ልጅ መሆኗን የሚናገር ወረቀት በምድር ላይ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ውጫሌ ሄደች፤ ከዚያ በእግሯ ወደ ጥድ አምባ ወጣች። ማሽላው ፍሬ ይዟል፤ በየማሳው ማማ ላይ ወፍ ጠባቂዎች ይጮኻሉ። እትዬ ዑምኩልሱምም ማማዋ ላይ ወንጭፍ ይዛ ቆማ ነበር። ለቅሶ አልተቀመጠችም። ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ ልንደርስ ነው ሲላት «ማን ሞቶ?» ብላ መልሳቸዋለች። የተቀበረችው ሉብና ናት፤ ለሉብና የማልቀስ ወግ የላትም።

ኢቲሳም ከማማው ሥር ቆመች። አልተቀመጠችም፤ ስታስበው የመጣችውን ሁሉ ረስታ ቀጥታ ተናገረች።

«እትዬ፣ ወረቀቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ አይደለም፤ ሌባ አይደለም። እኔ ነኝ።» ረመዳኑን፣ ዓምዱን፣ ጥያቄውን፣ የመለሰችውን ነገረቻት። «ወደ አባቷ ያስገባኋት መስሎኝ ነበር።»

እትዬ ዑምኩልሱም ወንጭፏን አዙራ ለቀቀችው፤ ድንጋዩ ማሽላው ላይ አረፈ፤ ወፎቹ ግር ብለው ተነሥተው ወደሚቀጥለው ማሳ ሄዱ። ከዚያ፣ ሳትዞር፣ «የኔ ብቻ ናት?» አለች።

«ሃያ ስድስት ናቸው።»

«እናቶቻቸው ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ዛሬ ከዚህ ወርጄ ልነግራቸው ነው። አንድ በአንድ በየቤታቸው እየዞርሁ—»

«አትንገሪያቸው።»

«እትዬ?»

«አትንገሪያቸው ነው የምልሽ!» አሁን ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ነግረሻቸው ምን ያደርጋሉ? በእግራቸው ባሕር ተሻግረው ያመጧቸዋል? እኔ'ኮ ዓመቱን ሁሉ ተኝቻለሁ። ወረቀቷ ኢቲሳም ጋ አለ እያልሁ፣ ምንም ቢመጣ ኢቲሳም ጋ አለ እያልሁ፣ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። አምስት ሌሊት ነው እንቅልፍ ያጣሁት፤ እነሱን ስንት ሌሊት ልትነሻቸው ነው?» ድንጋይ ከእግሯ ሥር አንሥታ ወንጭፉ ውስጥ አስገባች። «አንቺው ተሸከሚው። እኔም የኔን እሸከማለሁ። አሁን ሂጂ፤ ወፉ እየመጣ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ዑምኩልሱም ወፎቹን ጮኸችባቸው። ወደ ኢቲሳም ሁለተኛ አልተመለከተችም።

ቁልቁለቱን ስትወርድ የሆነ የዘፈን ስንኝ ወደ አፏ መጣ፤ ግማሹ ላይ ተወችው። ውጫሌ መናኸሪያ ስትደርስ ወደ ሐይቅ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር። ገባች። የመጨረሻዋ ተሳፋሪ ዶሮ በቅርጫት ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ፊቷን ሸፍኖ የነበረውን ሻሽ ገለጥ አድርጋ አየቻትና ጉልበቷን መታ አደረገቻት።

«አንቺ! ኢቲሳም አይደለሽም እንዴ? የሙዓዝ ልጅ! ኧረ አላወቅሽኝም፣ የሱሉላዋ ነኝ። ልጄን ከአራት ዓመት በፊት አንቺ ጋ ነው ያስመዘገብናት፤ ወደ ቤይሩት የሄደችው።»

«አወቅሁዎት» አለች ኢቲሳም። አውቃታለች። ሱሉላ፣ ከመስጊዱ በላይ ያለው ሰፈር፣ የአባትየው ስም፣ ልጅቷ፣ አንድ ፋይል።

«ሰሞኑን ድምጿ ጠፍቶብኛል። ልቤ ዝም ብሎ ይመታል፤ ምን እንደሆነ እንጃ። ብቻ ጌታ ይጠብቃት። ሁልጊዜ የምለው ወረቀቷ ደህና ቦታ ነው ያለው ነው።» ዶሮዋ ተንቀሳቀሰች፤ በእጇ ጫን አድርጋ ዝም አሰኘቻት። «ደህና ነው አይደል? አለ አይደል?»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ኢቲሳም በመስኮቱ በኩል ወደ አምባው አየች፤ ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«አለ» አለች። «ደህና ነው።»